የጎጆን ብርድ የዘፈነችው

የሰልሳቢል ችግር ሌላው ሰው የማይሰማውን ነገር መስማቷ ነው። አባቷ ፈዲሉ አምቦ ገበያ አጠገብ ብርድ ልብስና ምንጣፍ የሚሸጥበት ሱቅ አለው፤ እሷም ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ «ሥራ እስክታገኝ» ተብሎ ከባንኮኒው ኋላ ተቀመጠች፣ እንደተቀመጠችም ቀረች። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ከስፒከሩ የሚወጣውን ዘፈን ታውቀዋለች፤ የዘፋኙ ስም ብቻ ግን አይበቃትም፣ ግጥሙን ማን ገጠመው፣ ኪቦርዱን ማን መታው ትላለች። አንድ ጊዜ ደንበኛ «ይሄኛው ስንት ነው?» ቢላት ወደ መንገዱ እያየች «ይሄ እኮ እውነተኛ ከበሮ አይደለም፣ የማሽን ነው» ብላ መልሳለች። ደንበኛው ብርድ ልብሱን አስቀምጦ ሄደ። ፈዲሉ ያን ቀን ራት ላይ አላናገራትም።

ስለ ዘፈን መጻፍ የጀመረችው ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመበት ዓመት ነው። የአምቦ ወጣት ዘፈን በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ሲቀባበል ሰነበተ፤ ዘፈኑ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ ስለ ዘፈኑ የሚያወራ ግን የለም። ለሰልሳቢል ይሄ አብሮ በልቶ ስለ ጣዕሙ ዝም እንደ መባባል ሆነባት። ስለዚህ ነጭ ወረቀት ለሁለት አጠፈች፣ የተሰማትን በእጅ ጽሕፈቷ ጻፈች፣ ከአሮጌ መጽሔት የቆረጠችውን የክራር ሥዕል ለጠፈችበት፣ ፎቶ ኮፒ አስነስታ በየፀጉር ቤቱና በየጁስ ቤቱ አስቀመጠችው። ስሙን «ምት» አለችው። አባቷ «ምች» ይለዋል። ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ ሲያያት «ዛሬም ምችሽ ተነሳብሽ?» ይላታል።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ትተወዋለች የተባለው አልሆነም። ወረቀቱን ወዳዋለች። ስልክ ላይ የጻፉት ነገር ጣት ሲያልፍበት ይጠፋል፤ ወረቀት ግን ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ይጠብቃል። ብቻ አንባቢ የሚባለው ፍጡር አንጀቷን ያሳርራታል። ስለ ማሲንቆ ስትጽፍ «የዘፋኞቹ ፎቶ የታለ?» ይሏታል። በአማርኛ ስትጽፍ «ለምን በኦሮምኛ አይሆንም?» ይሏታል፤ ልክ ናቸው ብላ ግማሹን ገጽ በቁቤ ስታወጣው ደግሞ «ጽሕፈቱ ደቀቀብን» አሉ። ቤት ስልጥኛ፣ ሰፈር ኦሮምኛ፣ ሱቅና ቢሮ አማርኛ እያወራች ያደገች ልጅ ናት፤ በሁሉም ቋንቋ እኩል ሰው ማስከፋት እንደሚቻል ያወቀችው «ምት»ን ከጀመረች ወዲህ ነው።

በዚህ ላይ ኩምሳ አለ። ኩምሳ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ተማሪ ካለ የእሷ ወረቀት መጨረሻ ነው። ተራዋ ሲደርስ መብራት ይሄዳል። መብራቱ ሲመጣ ቀለሙ ያልቃል፣ በየገጹ ላይም ግራጫ መስመር ይጋደማል። ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ያየዋል።

«ፖለቲካ የለበትም አይደል?»

«ስለ ከበሮ ነው፣ ኩምሳ።»

«ከበሮም እንደ አመታቱ ነው» ይላል፣ እየሳቀም እየፈራም።

እንቁ የምትባለዋ ሴት ነገር የተጀመረው በጥር፣ በአንድ ጎረቤት ሰርግ ላይ ነው። የሰርጉን ባንድ ኪቦርድ የሚመታው ኤጄታ የሰልሳቢል የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስል ልጅ። ሙሽራዋ ስትገባ አምቦም ጉደርም ጊንጪም ሰርግ ላይ የማይቀረውን ዘፈን ለቀቁት፦

ጎጆ ወጣሽ ብሎ ሰፈሩ እልል አለ፣
እኔም እልል አልኩኝ ልቤ እየዘለለ።

ድንኳኑ በእግሩ ቆመ። ሰልሳቢልም እንደ ሰው ሁሉ አጨበጨበች፤ ነገር ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማችውን ዘፈን ያን ቀን ልብ ብላ ብትሰማው አንድ ነገር ጎረበጣት። ዜማው ደስተኛ አይደለም። ኤጄታ የማሽኑን ከበሮ አፍጥኖ አስደሰተው እንጂ፣ ዜማው ራሱ እያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሸክም እንደሚያወርድ ሰው። የመጀመሪያውና የሁለተኛው መስመርም አንድ አፍ የተናገራቸው አይመስሉም።

ባንዱ ሊበላ ሲቀመጥ ኤጄታን ያዘችው። «ይሄን ዘፈን የሠራው ማን ነው?»

«የሕዝብ ነው» አላት አፉን ሞልቶ እንደጎረሰ።

«ሕዝብ ተሰብስቦ ግጥም ይገጥማል እንዴ? አንድ ሰው ነው መጀመሪያ አፉን የከፈተው።»

ኤጄታ ጉርሻውን ዋጠና አሰበ። አጎቱ ድሮ፣ በደርግ ጊዜ፣ በኪነት ቡድን ውስጥ ከበሮ ይመታ ነበር። እሱ ሲያወራ እንደሰማው ከሆነ ዘፈኑን ያመጣችው እንቁ የምትባል የጎጆ ሴት ናት። «በሕይወት ትኑር አትኑር ግን አላውቅም።»

ለሰልሳቢል ይህ በቂ ነበር። ጎጆ! የምታውቀው ለትዳር ጎጆ መውጣት ነበር፤ ዘፈኑ ውስጥ ያለው ጎጆ ደጋው ላይ ያለው ከተማ ሊሆን እንደሚችል አስባው አታውቅም። አብረዋት የሚጨፍሩትም አላሰቡትም። ያን ሳምንት ሙሉ ሰው በያዘችው ቁጥር ይህንኑ ስታወራ ሰነበተች፣ የሰማት ሁሉም «እና?» አላት።

ጉዞው ራሱ እልህ አስጨራሽ ነበር። መንገዱ ሰላም ነው ይባልና ልብሷን ስታዘጋጅ «ዛሬ መኪና የለም» ይባላል። ክረምት ሳይገባ፣ በመጋቢት፣ አንድ ማለዳ ተነስታ ጊንጪ ድረስ በሚኒባስ ሄደች፤ ከዚያ ወደ ጎጆ የሚወጣው መኪና እስኪሞላ ድረስ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። መኪናው የተነሳው በሰው ላይ ሰው፣ በሰው ላይ የድንች ጆንያ ከጫነ በኋላ ነው። ዳገቱ ላይ በልግ ያረጠበው ጭቃ ያዛቸውና ወርደው ገፉ። ጎጆ ስትደርስ ጫማዋ ቀለሙ አልታወቅ ብሎ፣ ብርዱ በሹራቧ አልፎ አጥንቷን አገኘው። እንቁን ማግኘት ግን አልከበዳትም። ሁለተኛዋ የጠየቀቻት ሴት በጣቷ አሳየቻት።

እትዬ እንቁ ደጃፋቸው ላይ ጋቢ ተከናንበው ለዘር የሚሆን ድንች ይለቅማሉ። ደልደል ያሉ፣ ዓይናቸው ፈጣን የሆነ ሴት ናቸው።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ እንቁ?» ብላ ደህንነታቸውን ጠየቀች።

«ፈያ። ግቢ፣ ብርድ ላይ አትቁሚ። የማን ልጅ ነሽ?»

ሰልሳቢል አስረዳች። የአምቦው ነጋዴ የፈዲሉ ልጅ መሆኗን፣ ስለ ሙዚቃ የምትጽፍ መሆኗን፣ ዘፈኑን። ዘፈኑ ሲነሳ የሴትዮዋ እጅ ድንቹ ላይ ቆመ።

«አልዘፍንም» አሉ። «ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ዘፈን አቁሜያለሁ። ታሪኩን ግን እነግርሻለሁ፤ ታሪክ ኃጢአት የለበትም።»

ሰልሳቢል ስልኳን ከፍታ መቅጃውን ነካችና ድንቾቹ መካከል አቆመችው። እትዬ እንቁም ነገሯት። የተወለዱት ጊንጪ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ሲያልፍ ሲያገድም የሚውለውን አውቶቡስ እያዩ ያደጉ ልጅ፣ አንድ ቀን ለጎጆ ሰው ተዳሩ። «ጎጆ ወጣሽ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ይሉኛል። እውነትም ጎጆ ወጣሁ! ዳገቱን ነዋ የወጣሁት። የደረስኩ ለት ሌሊት ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ አማቴ ሰምተው መጡ፣ አመመሽ ወይ ብለው።» የመጀመሪያው ክረምት እጃቸው ወንዝ ውሃ ውስጥ ደንዝዞ ልብስ ሲያጥቡ ዘፈኑ መጣላቸው። ቀበሌው ኪነት ሲያቋቁም አፋቸውን አውቀው ወሰዷቸው፤ እሳቸው አምቦ መድረክ ላይ ዘፈኑት። ከዚያ የሰርግ ዘፋኞች ወሰዱት፣ ሲወስዱትም ሁለተኛውን መስመር አውጥተው ጣሉት።

«ምን ነበር የሚለው?»

እትዬ እንቁ ዜማ ሳይጨምሩበት፣ ለጸሐፊ እንደሚያጽፍ ሰው ቀስ ብለው ተናገሩት፦

ጎጆ ወጣሽ ብሎ ሰፈሩ እልል አለ፣
ብርዱን የነገረኝ አንድ እንኳ ሰው የታለ?

ሰልሳቢል በልቧ ዜማውን ደገመችው። ይኸው ነው፣ ዜማው ወደ ታች የሚወርደው ለዚህ ነው! ይህን ሁሉ ዓመት ከተማው ሙሉ በአንዲት ሙሽራ እሮሮ ሲጨፍር ኖሯል።

«ስምዎን ልጻፈው?»

«ሌላ የማን ስም ልትጽፊ ነበር?» አሉ እትዬ እንቁ፣ ድንቻቸውን መልቀም ቀጥለው።

በመመለሻው መኪና ላይ ቅጂውን ልትሰማ ስልኳን ከፈተች። «አካም ጅርቱ» ይላል፣ «ግቢ» ይላል፣ ከዚያ ጸጥ። ስልኩ ሞልቷል። የሞላውም በዘፈን ነው፤ አጥፍታ የማትጨርሰው፣ ሌላ ቀን እሰማዋለሁ ብላ ያከማቸችው ዘፈን። ጊንጪ እስክትደርስ ድረስ ከንፈሯን ነክሳ በራሷ ተናደደች፤ ከዚያ እስክርቢቶ ተበድራ፣ መኪናው እያንገጫገጫት፣ ከአእምሮዋ ሳይወጣ የሰማችውን በመዳፏና በክንዷ ላይ ጻፈች።

ያ የ«ምት» እትም ከጻፈችው ሁሉ የተሻለው ነበር። እሷም አወቀችው። ርዕሱን «ጎጆ ወጣሽ ያለችን ሴት» አለችው፣ የእትዬ እንቁን ሙሉ ስም ከነአባታቸው ጻፈች፣ ጊንጪን ጻፈች፣ ብርዱን ጻፈች፣ የተጣለውን መስመር በትልቁ አሰፈረች። ኩምሳ እንኳ ወረቀቱን መስኮት ላይ ከፍ አድርጎ አንብቦ ሲጨርስ ስለ ፖለቲካ አልጠየቀም። «እናቴም ከጊንጪ ነው የመጣችው» ብሎ ማሽኑን አስነሳ። ቀለሙም አልጎደለም።

ወረቀቱን ለጥቂት ቦታዎች ብቻ አድላ፣ የቀረውን በካርቶን ሱቅ አስቀምጣ ሳለ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ነጋሳ መጣ። ነጋሳ አምቦ ውስጥ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ከፈዲሉ ሱቅ ምንጣፍ ገዝቶ ያውቃል። የእትዬ እንቁ የበኩር ልጅ መሆኑን ግን ሰልሳቢል ያወቀችው ያን ቀን ነው። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ከእሷ ይልቅ አባቷን አየ።

«ጋሽ ፈዲሉ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ይሄ ግን ምንድን ነው?»

«ኦቦ ነጋሳ፣ ይቀመጡ። ምን ሆኖ ነው?»

«እናቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናት። ዘፋኝ ተብላ በወረቀት ልትዞር ነው? አባቴ ደግሞ አፈር ከተጫነው ቆይቷል፤ ወስዶ ብርድ ላይ ጣላት ተብሎ ሊጻፍበት ነው? ፀጉር ቤት ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። ፀጉሬን የሚቆርጠኝ ልጅ ጮክ ብሎ ነው ያነበበው!»

«ማንንም አልሰደብኩም» አለች ሰልሳቢል። «እሳቸው ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ስምዎን ልጻፈው ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ።»

«እሷ ወረቀቱ የት እንደሚደርስ ምን ታውቃለች? ስሟ ይውጣ። ሌላ ነገር አልፈልግም። ስሟ ይውጣና ዘፈናችሁን እንደፈለጋችሁ አድርጉት።» ይህን ብሎ እጁን ለፈዲሉ ዘርግቶ፣ ጨብጦት ወጣ።

ሰልሳቢል አባቷ የሚናገረውን ገና አፉን ሳይከፍት አውቃለች። ቢሆንም ሲናገረው አመማት።

«ሰልሲ፣ እኛ እዚህ የምንኖረው ከሰው ተስማምተን ነው» አለ ፈዲሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ ለአንድ ፊርማ እዚያው ቢሮ ደጅ እቆማለሁ። ደግሞ ጎጆ ብርድ ነው ብለሽ የጻፍሽው ለማን ነው? የጎጆ ሰው ባይኖር ይሄን ሁሉ ብርድ ልብስ ማን ይገዛኛል?»

«ብርድ ካልሆነማ ለምን ይገዙሃል?»

ፈዲሉ ሊስቅ ነበር፤ አልሳቀም። «ስሙን አጥፊው» አለ።

እሷም አጠፋችው። ከሁሉ የሚያበሳጫት ይሄ ነው፤ ማንም እጇን አልያዘም። ከሱቁ ጥግ ወፍራም ጥቁር ማርከር አነሳች፣ ካርቶኑን ጎትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ስሙ ካለበት ካለበት እያንዳንዱን ወረቀት ሰረዘች። ማርከሩ እንደ ቤንዚን ይሸታል። መጀመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ለማድረግ ትጠነቀቅ ነበር፤ በኋላ እልህ ይዟት ወረቀቱ እስኪቀደድ ትፈትገው ጀመር። ወደ ፀጉር ቤቶቹና ጁስ ቤቶቹም ሄዳ ያደለችውን ሰረዘች። ጸሐፊ ነኝ ትል የነበረች ልጅ የገዛ ጽሑፏን ስትደልዝ ዋለች። ኤጄታ መንገድ ላይ አግኝቷት አንዱን ወረቀት ወደ ብርሃን ገልብጦ አየና «ሳንሱር አምቦ ቅርንጫፍ» አላት። ለሳምንት አላናገረችውም።

እንዲህ ተደብቆ ያለፈ መስሏት ሳለ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ሱቁ በሰው ተሞልቶ፣ እትዬ እንቁ ገቡ። ከጎጆ ድንች ጭኖ በመጣ መኪና ነው የመጡት። እግራቸው ጭቃ ነው፤ በእጃቸው የታጠፈች ወረቀት ይዘዋል። ለማንም ሰላምታ አልሰጡም። ቀጥ ብለው ባንኮኒው ጋ ደረሱና ወረቀቷን ዘርግተው ጣታቸውን ጥቁሩ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ጥቁር ነገር እኔ ነኝ?»

ደንበኞቹ ከባንኮኒው ፈቀቅ አሉ።

«የጊንጪ እህቴ በስልክ ስምሽ አምቦ ወጥቷል፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ይሄን ዳገት ወርጄ መጣሁ። ጁስ ቤቱ ሰጡኝ። ብፈልግ ብፈልግ እንቁ የለችም። ጎጆ አለ፣ ጊንጪ አለ፣ ብርዱ አለ። እኔ የለሁም!»

«እትዬ፣ ልጅዎ መጥቶ...»

«ነጋሳ? ነጋሳን እኔ ወለድኩት እንጂ እሱ እኔን አልወለደኝም። ጎጆ መጥተሽ ማንን ነው የጠየቅሽው?»

«እርስዎን።»

«ታዲያ ለመሰረዝስ ማንን ነው የምትጠይቂው?»

ሰልሳቢል እንባዋ መጣ፤ የመጣው ግን ከሐዘን አይደለም፣ ከንዴት ነው። ልጁን ስታስደስት እናቲቱን፣ አባቷን ስታስደስት ራሷን አስከፋች፤ መጨረሻ ላይ ደስ ያለው ማን እንደሆነ አታውቅም። «ዘፈን ትቻለሁ ስላሉኝ... እርስዎም ቅር የሚልዎት መሰለኝ» አለች፣ ውሸት መሆኑን እያወቀች።

«ዘፈን ትቻለሁ» አሉ እትዬ እንቁ። «ስሜን ግን አልተውኩም።»

ፈዲሉ ከሱቁ ውስጥ ወንበር አምጥቶ አስቀመጣቸው። ቀዝቃዛ አምቦ ውሃም አስመጣላቸው። እትዬ እንቁ ቁጣቸው በረድ ሲል ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ሄደ። እጃቸውን ዘርግተው የአንዱን ብርድ ልብስ ጫፍ በጣቶቻቸው አሻሹት።

«ያኔ እንዲህ ያለው አልነበረም» አሉ። «ባሌ ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማ ለት ሳቀ። በማግስቱ በእግሩ ጊንጪ ድረስ ወርዶ፣ አንዲት ግራጫ ብርድ ልብስ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። እንቺ፣ ይኸው አንድ ሰው ብርድሽን ሰማ አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ብርዱ ግን ብርድ ነበር።»

ሰልሳቢል ቀና አለች። «ይሄን ለምን ጎጆ ላይ አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። የጠየቅሽኝ ስለ ዘፈኑ ነው።»

ይሄኛው ደግሞ የባሰ አበገናት። ከታሪኩ ሁሉ የሚበልጠው ቁራጭ፣ ነጋሳን ዝም ሊያሰኘው የሚችለው ቁራጭ፣ ከአፍንጫዋ ሥር ድንች መካከል ተቀምጦ ነበር፤ እሷ ግን ሁለተኛውን መስመር በማግኘቷ ሰክራ፣ ከዚያስ ብላ ሳትጠይቅ ተነስታ ሄዳለች። ሌላው የማይሰማውን እሰማለሁ ባይዋ!

እትዬ እንቁ መኪናቸው ሳያመልጣቸው ሲነሱ ያቺን የተደለዘች ወረቀት ባንኮኒው ላይ ትተዋት ሄዱ። ብርድ ልብስም አልገዙም።

ያን ምሽት ሰልሳቢል ስሙን በትናንሽ ቁራጭ ወረቀት ላይ ደጋግማ ጻፈች፣ ጥቁሩ ላይ ለመለጠፍ። በማርከሩ ላይ እስክርቢቶ አልጽፍ ብሏታል። ከሥሩም ስለ ግራጫው ብርድ ልብስ አንድ ዓረፍተ ነገር አከለች። ፈዲሉ ሲያያት ቆየና የጨርቅ መቁረጫ መቀሱን አምጥቶ ቁራጮቹን ይቆርጥላት ጀመር። ቀጥ አድርጎ ነው የሚቆርጠው፤ የዕድሜ ልክ ሙያው ነው።

«ነጋሳ ተመልሶ ቢመጣስ?» አለችው።

«እናትዎን ይጠይቁ እለዋለሁ» አለ ፈዲሉ፣ ከመቀሱ ቀና ሳይል። «በእሳቸው ስም እኔ ወስኜ አይደል ያፈርኩት።»

ካርቶን ውስጥ የነበሩትን ቶሎ ጨረሱ። ከተማ ውስጥ የተበተኑትን ግን ማን ይሰበስባቸዋል? አንዱ ፀጉር ቤት በወረቀቱ መስታወት ወልውለውበታል። ጁስ ቤቱ ጥቂት ተገኘ። ሌላው ዘንድ ደግሞ «ተማሪዎች ወሰዱት» አሏት። ከመናኸሪያው አጠገብ ኮሎ ገዝታ መጠቅለያውን ብትፈታው የራሷ የእጅ ጽሕፈት ሆኖ አገኘችው፤ ገብስና ሽምብራ መካከል ጥቁሩ ድልዝ ቁጭ ብሏል። ቆማ ሳቀች። ኮሎ ሻጯ ሌላ ወረቀት ይኖራት እንደሆነ ብትጠይቃት «እሱ ጠንካራ ስለሆነ ጥሩ ነበር፣ አለቀ» አለቻት።

ነጋሳ መጣ፤ እንደ መጀመሪያው ግን አልተናገረም። በሩ ላይ ቆሞ የተለጠፈውን ቁራጭ አነበበ፣ የብርድ ልብሱ ዓረፍተ ነገር ጋ ሲደርስ መልሶ አነበበው። ይህን ታሪክ እሱም የማያውቀው ይመስላል፣ ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወዲህ በሱቁ ደጃፍ ሲያልፍ ፈዲሉን ሰላም ይለዋል፣ እሷን ግን አያያትም። ይቅር ብሏት ይሁን ቂም ይዞባት ሰልሳቢል አላወቀችም፤ እሱንም ደፍራ አልጠየቀችም።

ከፋሲካ በኋላ የሰርግ ወራት ተመለሰ። ሰልሳቢል ከኤጄታ ጋር ታርቃለች፤ አንድ ነገር ለመነችው። «የቀድሞውን መስመር ዝፈኑት።» ኤጄታ ለባንዱ መሪ ነገረው፣ መሪው «በሰርግ ላይ ብርድ አይዘፈንም» ብሎ አበቃ። ከብዙ ንዝንዝ በኋላ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የእትዬ እንቁን ስም ሊጠራ ተስማማ።

የሰርጉ ቀን ሰልሳቢል ፊት ለፊት ተቀመጠች። ድንኳኑ ጢም ብሏል፤ ሙቀቱ ሰውን ያፍናል። ሙሽራዋ ብቅ ስትል መሪው ማይኩን ይዞ ተነሳ፣ ኤጄታም ወደ ሰልሳቢል አይቶ ራሱን ነቀነቀ። የማሽኑ ከበሮ ጀመረ።

«ይህ ዘፈን የጎጆዋ የእትዬ እንቁ ነው!» አለ መሪው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አልሰማም፤ እልልታው ድንኳኑን አናወጠው። ከሰልሳቢል ጎን የተቀመጡት ወፍራም ሴትዮ እያጨበጨቡ ወደ እሷ ዘንበል አሉ።

«እንቁ ማናት? የሙሽራዋ አክስት ናት?»

«አይደሉም! ዘፈኑን የሠሩት ናቸው!» አለች ሰልሳቢል ጮኻ።

«አዎ፣ በጣም ታምራለች!» አሉ ሴትዮዋ ሙሽራዋን እያዩ።

ሰልሳቢል ደገመችላቸው። ሴትዮዋ አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ያልሰማ ሰው እንደሚነቀንቀው። ቦርሳዋን ከፍታ ስሙ የተለጠፈበትን ወረቀት አወጣችና ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። አመሰገኗት። ወረቀቱንም አንስተው፣ ሳይገልጡት፣ እንደታጠፈ ፊታቸውን ያራግቡበት ጀመር።